የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው፦ ስለ አገራችን የተጻፈው ጥናት ቁልፉ በማን እጅ ነው?

በቪዲዮው ላይ በአጭሩ ያነሳነውን ጉዳይ እዚህ ሰፋ አድርገን እንመለከተዋለን። ርዕሱ የዕለት ዜና አይመስልም። ሰልፍ የለበትም፣ መግለጫ የለበትም፣ የጦር ግንባር ወሬ የለበትም። ነገር ግን ሐኪም ምን አንብቦ ነው የሚያክመው፣ ተማሪ ምን ይዞ ነው የሚመረቀው፣ ስለ አገራችን የሚጻፈውንስ ማን ነው የሚያነበው የሚለውን የሚወስን ጉዳይ ነው።

እስኪ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ሞክሩ። ኮምፒውተራችሁን ክፈቱና ስለ ጅማ ቡና በሽታ፣ ስለ ጎንደር ዘመን ታሪክ ወይም ስለ አፋር ሕፃናት የምግብ እጥረት የተሠራ ጥናት ፈልጉ። ርዕሱ ይመጣል። አጭር ማጠቃለያውም ይመጣል። ሙሉውን ለማንበብ ስትጫኑ ግን ብዙ ጊዜ የክፍያ አጥር ይገጥማችኋል። ለአንድ ጽሑፍ ከ30 እስከ 40 ዶላር መጠየቅ የተለመደ ነው። ስለ ገዛ አያቶቻችን አገር የተጻፈ አሥራ አምስት ገጽ ለማንበብ ነው እንግዲህ ይሄ ሁሉ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለዚህ ነው።

ገንዘቡ የት ነው የሚሄደው?

ብዙ ሰው ክፍያው ለጸሐፊው የሚደርስ ይመስለዋል። አይደርስም። ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ተመራማሪው ደሞዙን የሚያገኘው ከዩኒቨርሲቲ ነው፣ የጥናቱ ወጪም በአብዛኛው የሚሸፈነው ከመንግሥት ወይም ከእርዳታ ድርጅት፣ ማለትም ከግብር ከፋዩ ኪስ ነው። ጽሑፉን ለጆርናል ሲልክ አይከፈለውም። ጽሑፉ ለሕትመት ይበቃል አይበቃም ብለው የሚገመግሙት ሌሎች ምሁራንም ብዙውን ጊዜ በነፃ ነው የሚሠሩት። ጽሑፉ ሲያልፍ ደግሞ ጸሐፊው የባለቤትነት መብቱን ለአሳታሚው ፈርሞ ያስረክባል። ከዚያ አሳታሚው ያንኑ ጽሑፍ መልሶ ለዚያው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይሸጠዋል።

እንዲህ ያለ ንግድ የትም የለም። ጥሬ ዕቃው በነፃ፣ ባለሙያው በነፃ፣ ገዢው ደግሞ ግዴታ ያለበት። ኤልሴቪየርን የመሰሉ ትልልቅ አሳታሚዎች ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ገቢ ከ30 በላዩን ትርፍ ሲያደርጉ ብዙ ዓመት አልፏቸዋል። ይሄ ለድሃ አገር ብቻ አይደለም የከበደው። ሃርቫርድ እንኳን እ.ኤ.አ. በ2012 ለጆርናል የሚከፍለው ወጪ ሊዘልቅ የማይችል ደረጃ ደርሷል ብሎ ለመምህራኑ አሳውቋል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲም በ2019 ከኤልሴቪየር ጋር የነበረውን ውል አቋርጦ በአዲስ ስምምነት የተመለሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሃርቫርድ ያማረረበትን ዋጋ የወሎ ወይም የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ እንዴት ይቻለው?

ዋጋው በሰው ሕይወት ሲተመን

ይህ የምሁራን የእርስ በርስ ጉዳይ ነው ለሚል ሰው አንድ ታሪክ እናስታውስ። ኢቦላ ከ2014 ጀምሮ በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ከ11,000 በላይ ሰው ገደለ። በወቅቱ ቫይረሱ በዚያ አካባቢ ይኖራል ብሎ የጠበቀ እምብዛም አልነበረም። በ2015 ግን የላይቤሪያ ጤና ሚኒስቴር ዋና የሕክምና ኃላፊ የነበሩት በርኒስ ዳን ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። አውሮፓውያን ተመራማሪዎች በ1982 ባሳተሙት ጥናት የላይቤሪያውያንን ደም መርምረው ላይቤሪያ የኢቦላ ቀጠና ውስጥ መቆጠር አለባት ብለው እንደነበር ገለጹ። ይህን ግን በአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር የሚያውቅ አልነበረም። ከእነዚህ ጥናቶች አንዱን ለማውረድ 45 ዶላር ይጠይቃል፣ ይህም ለአንድ ላይቤሪያዊ ሐኪም የግማሽ ሳምንት ደሞዝ ነው ብለው ጻፉ። በጥናቶቹ ላይ በጸሐፊነት የተካተተ አንድም ላይቤሪያዊ ተመራማሪ አልነበረም።

እርግጥ አንድ ወረቀት ቢነበብ ኖሮ ወረርሽኙ ይቆም ነበር ማለት አይቻልም። ነገር ግን ደሙ ከላይቤሪያውያን ተወስዶ፣ ዕውቀቱ ሌላ ቦታ ተቀምጦ፣ ማስጠንቀቂያው ባለቤቱ ጋር ሳይደርስ ከ30 ዓመት በላይ ቆየ። ይሄንን የሰማ ኢትዮጵያዊ "የኛስ ስንቱ ነው እንዲህ የተቀመጠው?" ብሎ መጠየቅ አለበት።

በሩ ሲከፈት ሒሳቡ ወዴት ዞረ?

ለዚህ ችግር መልስ ተብሎ የመጣው ክፍት ተደራሽነት የሚባለው አሠራር ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ጥናት በኢንተርኔት ይውጣ፣ ማንም ሰው ሳይከፍል ያንብበው። በ2002 ቡዳፔስት ላይ የወጣው መግለጫ ነው ለንቅናቄው መልክ የሰጠው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ርቀት ተሄዷል። አሜሪካ ውስጥ ያላችሁ ልብ በሉ፦ ከሐምሌ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በብሔራዊ የጤና ተቋማት ገንዘብ የተሠራ ጥናት ለሕትመት ተቀባይነት ካገኘ፣ የወጣ ዕለት ፐብሜድ ሴንትራል በሚባለው ቋት ላይ በነፃ መቀመጥ አለበት። ድሮ እስከ አንድ ዓመት ማቆየት ይቻል ነበር። አሁን ቀርቷል።

ይሄ መልካም ዜና ነው። ግን እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አሳታሚዎቹ ከአንባቢው ያጡትን ገንዘብ ዝም ብለው አልተዉትም። ወደ ጸሐፊው ነው ያዞሩት። አሁን በብዙ ጆርናሎች ጽሑፍህ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ከፈለግህ አንተ ትከፍላለህ። ታዋቂው ኔቸር ይህን አማራጭ በ2021 ሲጀምር ለአንድ ጽሑፍ ያስቀመጠው ዋጋ 9,500 ዩሮ ነበር። ይሄ ለአንድ ኢትዮጵያዊ መምህር የብዙ ዓመት ደሞዝ ነው። ድሮ ማንበብ የተከለከለው ሰው አሁን ያነባል፣ ግን መጻፍ አይችልም። አድማጭ ሆነህ ግባ፣ ተናጋሪ ለመሆን ግን ክፈል እንደማለት ነው።

"ለድሃ አገር ክፍያው ይነሳል እኮ" የሚል አለ። እውነት ነው፣ ብዙ አሳታሚዎች ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚመጡ ጸሐፊዎች ክፍያውን ይተዋሉ፣ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አገሮች ተርታ ነች። ነገር ግን ይህ ምሕረት ሁሉንም ጆርናል አያካትትም፣ ከፊሉ በክፍያ ከፊሉ በነፃ የሚነበብባቸው ጆርናሎች ብዙዎቹ አይሰጡትም። ከሁሉም በላይ ግን የአንድ አገር ሳይንስ በሌላው መልካም ፈቃድ ላይ ሊቆም አይገባም። ዛሬ የተሰጠ ነገ ሊነሳ ይችላል።

ይህን ክፍተት ያዩ አጭበርባሪዎችም ገብተውበታል። "ጽሑፍዎን በሦስት ቀን እናሳትማለን፣ ጥቂት መቶ ዶላር ይላኩ" የሚል ኢሜይል የማይደርሰው ወጣት መምህር የለም ማለት ይቻላል። ግምገማ የለም፣ አርታኢ የለም፣ ድረ ገጽ ብቻ ነው ያለው። ለዕድገት የግድ ማሳተም ያለበት መምህር ይከፍላል፣ አንዳንዴም ውጭ ያለ ወንድም ወይም እህት ነው የሚልክለት። ስለዚህ ነገሩ በቀጥታ የኛንም ኪስ ይነካል።

አገር ቤት ምን አለ?

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ ላይ ወደኋላ የቀረች አገር አይደለችም፣ ቢያንስ በወረቀት ላይ። በ2019 የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር አገር አቀፍ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አጽድቋል። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት፣ የመመረቂያ ጽሑፍም ሆነ መረጃ፣ በዩኒቨርሲቲው ዲጂታል ማከማቻና በብሔራዊው ማከማቻ ላይ እንዲቀመጥ ያዛል። በሚኒስቴሩ ሥር ያሉትን ከ40 በላይ ዩኒቨርሲቲዎች ይመለከታል። በአፍሪካ እንዲህ ያለ አገር አቀፍ ፖሊሲ ያወጣ ብዙ አይደለም። ሚኒስቴሩ ራሱ በ2021 ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተጠቃሏል። ፖሊሲ ደግሞ ተከታታይ ሲያጣ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ሀብቱም አለን። የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል ከ1962 ጀምሮ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ጆርናል ከ1963 ጀምሮ ሲታተሙ የኖሩ ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎቹን የመመረቂያ ጥናቶች በኢንተርኔት የሚያስቀምጥበት ማከማቻ አለው፣ የአገር ውስጥ ጆርናሎችን በአንድ ላይ የሚያወጣበት መድረክም አለው። ችግሩ መኖር አለመኖሩ ላይ ሳይሆን መቆየቱ ላይ ነው። መብራት፣ ሰርቨር፣ ባለሙያና በጀት ከሌለ በዲጂታል የተቀመጠ ጥናት ከሼልፍ መጽሐፍ ይልቅ ቶሎ ይጠፋል። ኢንተርኔት ሲዘጋ ደግሞ የባሰ ነው። በትግራይ ከኅዳር 2020 ጀምሮ፣ በአማራ ክልልም ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የነበረውን መዘጋት አስቡት። ለዓለም ሁሉ ክፍት የሆነ ጥናት፣ ለመቀሌ ወይም ለጎንደር ተማሪ ግን ዝግ ነበር።

ሌላም ቀላል የሚመስል ችግር አለ። በምስል ብቻ ተነሥቶ የተጫነ የአማርኛ ጽሑፍ ፊደሉን ኮምፒውተር ካላነበበው በፍለጋ አይገኝም። የአባት ስማችንም እንደ ቤተሰብ ስም ተቆጥሮ ሲገለበጥ የአንድ ሰው ሥራ በሦስት ስም ተበትኖ ይቀራል። አለ፣ ግን አይገኝም። ያልተገኘ ጥናት ደግሞ ከተቆለፈው በምን ይሻላል?

የሌላው ልምድ ምን ይላል?

መንገዱ የተዘጋ ግን አይደለም። ላቲን አሜሪካን ተመልከቱ። ብራዚል በ1998 ሳይኤሎ የሚባል የሕዝብ መድረክ ጀመረች። የአገር ውስጥ ጆርናሎች በፖርቱጋልኛና በስፓኒሽ ጭምር በአንድ ቦታ በነፃ ይነበባሉ። ዋናውን ወጪ የሚችለው የሕዝብ ገንዘብ ነው። ብዙ አገሮች ተቀላቅለውታል፣ ደቡብ አፍሪካም ጭምር። በሕዝብ ገንዘብ የራሳቸውን ወንበር ሠሩ ማለት ነው።

የኛ አቋም ይሄ ነው፦ ለኢትዮጵያ የሚያዋጣት በውጭ ጆርናል ለማሳተም ክፍያ ማፈላለግ ወይም ምሕረት መለመን ብቻ አይደለም። አንባቢም ጸሐፊም የማይከፍልባቸው፣ በደንብ የሚገመገሙ፣ ሰርቨራቸው የማይጠፋ የአገር ውስጥ ጆርናሎችን ማጠንከር ነው። ይህ እንዲሆን ደግሞ ለመምህራን ዕድገት ሲሰጥ "የት አሳተምክ?" ብቻ ሳይሆን "ምን ጻፍክ፣ ማንስ አነበበው?" ተብሎ መጠየቅ አለበት። እሱ ካልተቀየረ መምህሩ ምን ያድርግ?

እኛስ ከውጭ ሆነን?

አቅማችን ትንሽ አይደለም። አንደኛ፣ የምታነቡ ሰዎች የክፍያ አጥር ሲገጥማችሁ ቶሎ አትክፈሉ። ለራሱ ለጸሐፊው በኢሜይል ብትጠይቁት ብዙ ጊዜ ደስ ብሎት ይልክላችኋል። አንፔይዎል የሚባለው ነፃ መሣሪያ ሕጋዊ የሆነ ክፍት ቅጂ ካለ ፈልጎ ያሳያችኋል። ጄስቶርም በነፃ ለተመዘገበ ሰው በወር የተወሰኑ ጽሑፎችን በኢንተርኔት ያስነብባል።

ሁለተኛ፣ በነፃ የተከፈተውን ተጠቀሙበት። ሚኒሶታ የሚገኘው ሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት ከ1970ዎቹ ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎችን ቅጂ ይዟል፣ ብዙዎቹንም በነፃ ለተመዘገበ ሰው በኢንተርኔት ያሳያል። ሃምቡርግ የሚታተመው ኤትዮጲካ ጆርናል በነፃ ይነበባል። በፈረንሳይኛ ከ1955 ጀምሮ የወጣው አናል ዴትዮፒም እንዲሁ። ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው።

ሦስተኛ፣ የምትጽፉ ምሁራን፣ ውል ስትፈርሙ መብታችሁን ሁሉ አትስጡ። አብዛኞቹ አሳታሚዎች ተቀባይነት ያገኘውን የመጨረሻ ረቂቅ፣ አንዳንዴ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ፣ በዩኒቨርሲቲ ማከማቻ ላይ እንድታስቀምጡ ይፈቅዳሉ። ስለ ኢትዮጵያ የሠራችሁትን የዶክትሬት ጥናት አንድ ቅጂ ጥናቱን ለሠራችሁበት አካባቢ ዩኒቨርሲቲ ላኩ። ለአገር ቤት ጆርናል ገምጋሚ ሁኑ። ገንዘብ አይጠይቅም፣ በዓመት ጥቂት ቀናት ይበቃል።

አራተኛ፣ አገር ቤት ያለ ዘመድ "ለማሳተሚያ" ብሎ ገንዘብ ሲጠይቅ ከመላካችሁ በፊት የጆርናሉን ስም ጠይቁ። የክፍት ጆርናሎች ማውጫ በሆነው ዶአጅ ላይ መኖሩን ፈትሹ። ከሌለ ለምን እንደሌለ ጠይቁ። መከልከል አይደለም፣ ዘመድን ከመበላት ማዳን ነው።

የአገራችን ገበሬ መሬቱን አሳይቷል፣ እናቶች ለመጠይቅ ሰዓታቸውን ሰጥተዋል፣ በሽተኛ ደሙን ሰጥቷል። ጥናቱ ከእነሱ ነው የተቀዳው። ቢያንስ የእነሱ ልጅ ሳይከፍል ሊያነበው፣ ሳይለምንም ሊጽፍበት ይገባል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በትምህርት ወይም በሥራ ላይ የገጠማችሁን ከቪዲዮው ሥር ጻፉልን፣ በሚቀጥለው ዝግጅታችን እናነሳዋለን። እስከዚያው ቸር ያሰማን።