የኤስሪ እስረኞች

ሦስት ወር ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ሥዕል የተማርን አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ነበርን። የመጨረሻው ቀን ሰርተፊኬት ታደለን፣ ለስላሳና ኬክ ቀረበ፣ ፎቶ ተነሣን፣ “እንዳንጠፋፋ” ተባባልን። ጠፋን። የቴሌግራም ግሩፓችን የመጀመሪያው ሳምንት በሥዕል ተጨናንቆ ነበር። በሁለተኛው “ሥራ በዝቶብኝ ነው” መጣ። አሁን በዓል ሲደርስ ብቻ “እንኳን አደረሳችሁ” የሚል የአበባ ፎቶ ይለጠፍበታል።

እኔም ከነሱ አንዷ ነበርኩ፤ ስምንት ወር ብሩሽ ሳልነካ ከርሜያለሁ። ስለዚህ የምሳደበው ራሴንም ጨምሬ ነው። ይህን ከተናዘዝኩ በኋላ ግን ለማንም አልራራም።

“ቦታ የለኝም” ትላላችሁ። እኔስ ቤተ መንግሥት የምኖር መሰላችሁ? ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነኝ። ለሥዕል ግድግዳ ያጣችሁት ሰዎች ለቴሌቪዥን ሲሆን ግድግዳው ከየት መጣላችሁ? ስለ “ጊዜ የለኝም” አልከራከርም፤ በቀን ስንት ሰዓት እንደምታፈጡበት ስልካችሁ ራሱ ይመሰክርባችኋል።

በሽታው ሌላ ነው። ኮርሱ ያስተማረን አንድ መጠን ብቻ ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀን የታደለን የኤስሪ ወረቀት ነው፤ 30 በ42 ሴንቲሜትር ገደማ። ጀበና በኤስሪ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በኤስሪ፣ የሰው ፊት በኤስሪ። አንዴ ሁለት ወረቀት በፕላስተር አገጣጥሜ ብሄድ መምህሩ “ይሄ ፍሬም ውስጥ አይገባም” አለኝ። ፍሬም! ሥዕሉ ሳይጀመር የሚሰቀልበት ሳሎን ተወስኗል። ክርናችን ጠረጴዛው ላይ እንደተኛ፣ ከእጃችን አንጓ በላይ ያለው አካላችን ሳይነቃ ሦስት ወሩ አለቀ። እንዲህ የተማረ ሰው አዛዡ ሲሄድ ቢያቆም ምን ይገርማል? ሲሠራ የኖረው የቤት ሥራ ነው፤ የራሱ የሆነ ጥያቄ አልነበረውም።

ይህን የተማርነው ደግሞ መጠን ምን እንደሆነ አሳምሮ በሚያውቅ አገር ላይ ተቀምጠን ነው። ደብተራው የብራና ክታብ ሲሠራ ርዝመቱን የሚለካው በባለቤቱ ቁመት ነበር፤ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቀው። ወርዱ ግን ጠባብ ነው፤ ይጠቀለልና በቆዳ ማኅደር ይያዛል። አንዱ ሥራ ሲዘረጋ ሰው ያህላል፣ ሲጠቀለል አንገት ላይ ይንጠለጠላል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎችም ጨርቅ ላይ ሥለው ግድግዳው ላይ ይለጥፉ ነበር። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ለአፍሪካ አዳራሽ የሠራው ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። “እሱማ አፈወርቅ ነው” ትሉኛላችሁ። እሺ፣ የኔን ስሙ።

ባለፈው ጥር አቡጀዲ ገዛሁ። ሁለት ቁራጭ በመኪና አሰፋሁ፣ ኮላ በውሃ አቅጥኜ ቀባሁትና የደረጃው መተላለፊያ ላይ በሲባጎ ወጠርኩት፤ 120 በ168 ሴንቲሜትር። ያንኑ የኤስሪ ጀበናዬን ልሥልበት ነው። ቁመቱና ወርዱ አራት አራት እጥፍ ሲያድግ ስፋቱ 16 እጥፍ እንደሚሆን ከትምህርት ቤት አውቃለሁ፤ የገባኝ ግን የጀበናውን ሆድ ሳልጨርስ የአክሪሊክ ቱቦዬ ሲያልቅ ነው። ቀለም መሸጫ ሮጬ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ገዛሁ፤ ጥቁር፣ ነጭና ቡናማ። “ይደበዝዛል” አሉኝ። ይደብዝዝ!

በኤስሪ በአንድ ትንፋሽ የምስበው የሆዱ ኩርባ አሁን ሁለት እርምጃ አስኬደኝ። መስመሩ ከአንጓዬ ወጥቶ ትከሻዬ ውስጥ ገባ፤ ትከሻዬ ደግሞ ሥዕል ተምሮ አያውቅም፣ መሀል መንገድ ላይ አቅጣጫው ጠፋበት። ወደ ኋላ ሸሽቼ ልየው ስል ጀርባዬ የጎረቤት በር ነው። ግማሽ ደረጃ ወርጄ አንጋጥጬ አየሁት። ከታች ሲያዩት ጀበና መሆኑ ቀርቶ ተራራ ሆኗል። ማታውን ክንዴን አመመኝ፤ እንዲህ ደስ ያለኝ ሕመም አላስታውስም።

ሰኞ መሥሪያ ቤት ስገባ ደግሞ ተቃራኒውን ሞከርኩ። በምሳ ሰዓት፣ ያንኑ ጀበና፣ በክብሪት ቀፎ ጀርባ ላይ። እዚያ ለእጀታ ቦታ የለም፣ ለክዳን ቦታ የለም። አንድ ጥቁር ጠብታና አንዲት ነጭ ነጥብ፤ ነጥቧ ትንሽ ከተንሸራተተች ጀበናው ድንጋይ ይሆናል። በ11 ቀን 11 ቀፎ ሠራሁ፤ ሦስቱ ጀበና ናቸው፣ ስምንቱ ድንጋይ። ጊዜ የለኝም ባዮች፣ ክብሪትም የላችሁም?

ስልክ ደግሞ ሌላው ጠላታችን ነው፤ የሥዕልን ሁሉ መጠን አንድ አድርጎብናል። አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምህረቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ለኒውዮርክ የሠራችው “ሚዩራል” 24 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። እኔ ያየሁት በስልኬ ነው፤ ማለትም የክብሪት ቀፎዬን አህሎ። በጣቴ ገፋ ገፋ አድርጌ ሳሰፋው ያ ሁሉ ግድግዳ ከንብርብር መስመርና ከጥቃቅን ቅርፆች የተሠራ መሆኑን አየሁ። ፊቱ የቆመ ሰው ግን በእግሩ ነው የሚያየው፤ ይጠጋል፣ ይርቃል፣ አንገቱን ያዞራል። እኛ ይህንን ሁሉ በጣት ጨርሰን “አሪፍ ነው” ብለን ወደሚቀጥለው እናልፋለን፤ የራሳችንንም ሥዕል የምንሠራው ስክሪን ላይ እንዲያምር ነው።

ወደ ደረጃው ጀበና ልመለስ፤ ገና እየሣልኩት ሳለ እሑድ ከሰዓት ከላይኛው ፎቅ ያሉት እማማ ዘንቢላቸውን ይዘው ሲወጡ ደረጃው ላይ ቆሙ።

“ልጄ፣ መጋረጃ ነው?”

“ሥዕል ነው እማማ። ጀበና።”

አንጋጠው ብዙ ቆዩ። “ጀበና ከሆነማ እጀታው ልክ አይደለም። በዚህ ይዘሽ ብትቀጂ ቡናው እጅሽ ላይ ነው የሚፈሰው።”

ያ እጀታ በኤስሪ ስንት ጊዜ የሣልኩት እጀታ ነው። መምህሩ ከሥሩ በቀይ “ጎበዝ” ብሎ ጽፎበታል፤ በዚያ መጠን ማንም አያውቅብኝም ነበር፣ እኔም በራሴ ላይ አላወቅሁም። እማማ ዘንቢላቸውን አስቀመጡና ጣታቸውን አቡጀዲው ላይ አሳርፈው፣ እጀታው ከአንገቱ ተነሥቶ የት ጋ ሆዱ ውስጥ እንደሚገባ እየጎተቱ አሳዩኝ። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር።