ወደ ደቡብ ኦሞ፦ ሆድ ሳይጎድል፣ ኪስ ሳይራቆት

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆችን ይዞ ወደ ደቡብ ኦሞ መውረድ የብዙ ቤተሰብ ምኞት ነው። ሐመርን፣ ሙርሲን፣ በናንና አሪን በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቅ የከተማ ልጅ አገሩን በዓይኑ ቢያይ ምንኛ ደስ ይላል! ታዲያ ወላጆች ተቀምጠው ወጪ ሲያሰሉ መኪናው፣ ነዳጁና አልጋው አንድ በአንድ ይቆጠራል። ምግቡ ግን “እንደደረስን እናያለን” ተብሎ ይታለፋል። በጉዞው መካከል ኪስ የሚያራቁተው ይኸው ያልተቆጠረ ወጪ ነው። ገንዘቡ ሲያጥር ደግሞ ምሳ አይሰረዝም፤ የሚሰረዘው የማጎ ጉብኝት ወይም የቱርሚ ገበያ ነው። ልጆቹ ሊያዩት የሄዱት ነገር ማለት ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች ለአምስት ቀን በቀን ሦስት ጊዜ ቢመገቡ 75 ሰሃን ይሆናል። ቁርስ ከአልጋው ጋር የተካተተ ከሆነና ምሳን ከስንቅ ካደረጉት፣ ምግብ ቤት የሚከፍሉት ለእራት ብቻ ነው። 75ቱ ወደ 25 ወረደ። እኛ ደግሞ በአንድ ትሪ ከበን የምንበላ ሰዎች ነን፤ ለአምስት ሰው ሦስት ዓይነት ምግብ ታዝዞ አብሮ ቢበላ የሚጎድል የለም። 25ቱም 15 ሆነ። ስንቁ ወጪ የለውም ማለት አይደለም፤ ግን ከጓዳዎ የሚወጣ ዱቄትና እህል ከሆቴል ሂሳብ ጋር አይወዳደርም።

ምግብ ውድ የሚሆነው የት እንደሆነ ማወቅም ይጠቅማል። በዓለም የታወቁ የመዝናኛ ፓርኮች ውስጥ ዋጋ የሚንረው ጎብኚው በሩን ከገባ በኋላ ሌላ የሚሄድበት ስለሌለው ነው። ፍሎሪዳ በሚገኘው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ጎብኚዎች የራሳቸውን ምግብ ይዘው መግባት ይፈቀድላቸዋል፤ ቆጣቢ ቤተሰቦችም ሳንድዊቻቸውን ቋጥረው ይገባሉ። ደቡብ ኦሞ ላይ እንዲህ ያለ በር ባይኖርም ነገሩ ያው ነው። ከጂንካ ወጥተው ቆላውን ከያዙ በኋላ ምግብ ቤቱ እየራቀ፣ አማራጩም እያነሰ ይሄዳል። ለስላሳው፣ ዘይቱና የታሸገው ውሃ ሁሉ ከሩቅ ተጭኖ የሚመጣ ነውና ዋጋው ቢጨምር አያስገርምም። ስለዚህ ዋናው ዘዴ አንድ ነው፦ ምግብዎን አማራጭ ባለበት ከተማ ይግዙ፤ አማራጭ በሌለበት ቦታ ርቦዎት አይገኙ።

ስንቅ ከቤት ይጀምራል

እናቶቻችን መንገደኛ ሲሸኙ የሚያዘጋጁት ስንቅ ለዚህ ጉዞ የተፈጠረ ይመስላል። ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ጭኮና ቋንጣ ፍሪጅ አይፈልጉም፤ በሙቀትም ቶሎ አይበላሹም። በሶ በውሃና በማር ተበጥብጦ ለልጆች ፈጣን ቁርስ ይሆናል። ድርቆሽ በርበሬና ዘይት ተጨምሮበት በፔርሙዝ ሙቅ ውሃ ከራሰ ዛፍ ጥላ ሥር የሚበላ ፍርፍር ነው። ልጆችዎ ይህን ካልለመዱ ዳቦና የለውዝ ቅቤ ይያዙ።

ወጥ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ወተት ግን ለቀን ሙሉ ጉዞ አይቋጠሩም። የምግብ ደህንነት መመሪያዎች እንደሚመክሩት ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ የበሰለ ምግብ ከ1 ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም። ጂንካ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ደስ ይላል፤ ይህ ግን አያዘናጋዎት። የሚወርዱበት ቆላ ሌላ ዓለም ነው።

ትንሽ ቢላዋ፣ የፕላስቲክ ሰሃኖች፣ ሳሙና፣ የእጅ መታጠቢያ ጀሪካንና የቆሻሻ ከረጢት በአንድ ካርቶን አድርገው መኪናው ኋላ ያስቀምጡ። ካርቶኑን ለማውጣት ሻንጣ ሁሉ የሚወርድ ከሆነ ሰነፍ ሆነው ሆቴል መግባትዎ አይቀርም።

በመንገድ ላይ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአንድ ቀን ጂንካ መግባት ልጆችን ማሰቃየት ነው፤ አርባ ምንጭ ማደር ይሻላል። አርባ ምንጭ ደግሞ የምግብ ሂሳብ የሚቀልባት ከተማ ናት። የጫሞ ሐይቅ ዓሣ በጥብስም፣ በጉላሽም፣ በዱለትም ይቀርባል። አንድ ሙሉ የተጠበሰ ዓሣ ለሁለት ልጅ ስለሚበቃ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ አይዘዙ። ከከተማው ሲወጡ ሙዝ በኪሎ ይግዙ። ግማሹ የበሰለ፣ ግማሹ ገና ያልበሰለ ከሆነ እስከ ጂንካና ከዚያም በኋላ ያደርሰዎታል።

ቀጥሎ ኮንሶ አለ። በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበውን የእርከን መሬት ሲጎበኙ ኩርኩፋን የመቅመስ ዕድል ካገኙ አይለፉት። ከማሽላ ዱቄትና ከሽፈራው ቅጠል የሚሠራ የአካባቢው የዘወትር ምግብ ነው። ልጆችዎ የእርከኑን መሬትና በእርከኑ ላይ የሚበቅለውን እህል በአንድ ቀን ያውቃሉ።

ምሳ የት እንብላ ብለው ሲያስቡ ሹፌሮች የሚያቆሙበትን ቤት ይዩ። የጭነትና የሕዝብ ማመላለሻ ሹፌር በየቀኑ የሚመላለስበት ቤት ዋጋው የታወቀ፣ ምግቡም ሳይቆይ የሚያልቅ ነው። መኪና ከነሹፌሩ ከተከራዩም የሹፌሩ ምግብ በማን እንደሆነ ከመነሳትዎ በፊት ይነጋገሩ።

የከፈሉበትን ቁርስ ይብሉት

“አልጋ ከነቁርሱ” ሲባል በብዙ ቦታ ለሁለት ሰው ማለት ነው። የልጆቹ ቁርስ ለብቻ እንደሚታሰብ ብዙዎች የሚያውቁት በመጨረሻው ቀን ደረሰኝ ሲመጣ ነው። ክፍሉን ሲይዙ “የልጆቹስ?” ብለው ይጠይቁ።

ሌላም አለ። ወደ ሙርሲ ወይም ወደ ማጎ የሚሄድ ሰው በጠዋት፣ ገና 12 ሰዓት ሲሆን ይነሳል። የሆቴሉ ወጥ ቤት በዚያ ሰዓት ሊከፈት አይችልም፤ የከፈሉበት ቁርስ እዚያው ቀረ ማለት ነው። ማታውኑ ለእንግዳ መቀበያው “ነገ ቀድመን ስለምንወጣ ቁርሳችን ይቋጠርልን” ይበሉ። ዳቦ፣ የተጠበሰ እንቁላልና ሙዝ ቢሆን እንኳ መንገድ ላይ ይበላል። እንቁላሉን መጀመሪያ ይብሉት።

ማጎ ሲወርዱ

የማጎ ብሔራዊ ፓርክ 2,162 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። ውስጡ ምሳ እናገኛለን ብለው አይግቡ። ለአምስት ሰው ባለ 2 ሊትር ስድስት ጠርሙስ ውሃ ለቀኑ ብዙ አይደለም፤ ይህንንም ፍሬ በፍሬ ሳይሆን በእሽግ ከጂንካ ሱቅ ይግዙ። ቆሎና ሙዝ በልጆቹ እጅ፣ ሌላው በካርቶኑ ይሁን። በፓርኩ ውስጥ ቆላ ዝንብ ስላለ መስኮት ከፍቶ ተረጋግቶ መብላትም ያስቸግራል። ስለዚህ ቀለል ያለ ነገር እየቀማመሱ ጎብኝተው ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ጂንካ ተመልሰው በደንብ ይብሉ። የዕለቱ ምሳና እራት አንድ ላይ ሆነ፤ ማታ በሻይና በዳቦ ይታለፋል።

ሜኑ ሲያነቡ

ሜኑ ላይ ያለው ዋጋ ሁልጊዜ የሚከፍሉት ዋጋ አይደለም። ለምሳሌ 500 ብር የተጻፈበት ምግብ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመርበት 550 ይሆናል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታከልበት 632 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሳል። ለአምስት ሰው በአንድ ማዕድ 662 ብር ከ50 ሳንቲም ልዩነት አለው። “ቫትና ሰርቪስ ተጨምሮበታል?” ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም።

ሥጋ ካማራችሁ በሰሃን ከማዘዝ ሥጋ ቤት ገብቶ በኪሎ ማስጠበስ ለቤተሰብ ያዋጣል። ማስጠበሻው፣ እንጀራውና አዋዜው በዋጋው ውስጥ መኖሩን አስቀድመው ይወቁ። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ በያይነቱ አለ፤ ዋጋው ቀላል፣ ልጆችም ከቀለሙ ብዛት የተነሳ የሚወዱት ነው። የግማሽ ዓመቱ እረፍት በአንዳንድ ዓመት ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማልና ቀኑን ሲመርጡ ይህንንም ያስቡበት።

ለስላሳ መጠጥም ይቆጠር። አምስት ሰው በቀን ሁለት ሁለት ጠርሙስ ቢጠጣ በአምስት ቀን 50 ጠርሙስ ነው። ለልጆቹ በቀን አንድ ብለው ከመነሻው ቢስማሙ መንገድ ላይ ጭቅጭቅ አይኖርም።

ቀኑን ከገበያው ጋር ያስማሙ

ቱርሚ ሰኞ፣ ቀይ አፈር ሐሙስ፣ ጂንካና ዲመካ ቅዳሜ ይገበያሉ። ጉዞዎ ከእነዚህ ከአንዱ ጋር ከተገጣጠመ ምሳዎንም ጉብኝትዎንም በአንድ ቦታ አገኙ። በጂንካ ገበያ እንደየወቅቱ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያና ሙዝ ይገኛል። አቮካዶውን ሳይቆርጡ ይያዙት፤ እዚያው ጥላ ሥር ከዳቦ ጋር ሲበላ ምሳ ነው። የአሪ ማር፣ ቡናና ኮረሪማም ከዚሁ ገበያ ይሸመታል። ከሆቴል ሂሳብ የተረፈው ገንዘብ እዚህ ቢውል አምራቿ እጅ ይገባል፤ እርስዎም ዓመቱን ሙሉ ጂንካን የሚያስታውስ ነገር ይዘው ይመለሳሉ። ዝርዝር ብር ይያዙ። ሙዝ ከምትሸጥ እናት ጋር ግን ለጥቂት ብር ብለው አይከራከሩ።

የማይቆጠብባቸው ነገሮች

ውሃ ላይ አይቆጥቡ። ልጆች ጥሬ ሥጋና በቧንቧ ውሃ የታጠበ ሰላጣ ባይበሉ ይመረጣል። ለምለም የሚባለውን የኦአርኤስ ዱቄት ከቤት ይያዙ። ቱርሚ ላይ የታመመ ልጅ ይዞ መመለስ ከየትኛውም የሎጅ እራት ይበልጥ ያስወጣል።

አክብሮት ላይም አይቆጥቡ። በእኛ አገር ሰው ፊት ሳይጋብዙ መብላት ነውር ነው፤ ሐመር መንደር ሲደርሱም ነውርነቱ አይቀርም። ምሳዎን መንደር ከመግባትዎ በፊት ወይም ከወጡ በኋላ ይብሉ። ከረሜላና ብስኩት በመስኮት አይበትኑ፤ ባዶ ሃይላንድም አይወርውሩ። ሕፃናት ያንን ሊያነሱ ወደ መኪና ይሮጣሉ። አስጎብኚዎ ከአንድ ቤት ካስገባዎትና ሸፎሮ ከቀረበልዎት፣ ማለትም የቡና ገለባ ተፈልቶ በቅል የሚጠጣው፣ ልጆችዎ ቢቀምሱት ደስ ይላል። የሚከፈል ነገር ካለ ከመቀመጥዎ በፊት በአስጎብኚው በኩል ይስማሙና ሳይከራከሩ ይክፈሉ። እዚያ ቤት ያለችው እናት ምግብ ቤት የላትም፤ ያላትን ነው ያካፈለችዎት።

አንድ ምሽት ደግሞ ያለ ሂሳብ ይብሉ። የመጨረሻዋ ቀን እራት ትሁን፤ ልጆቹ የፈለጉትን ይዘዙ። አራት ቀን ቆሎና ሙዝ የበሉበትን ምክንያት የሚረዱት ያን ጊዜ ነው። ማጎንም፣ ቱርሚንም፣ የጂንካን ገበያም ሳይሰርዙ አይተው ጨርሰዋልና።

መልካም ጉዞ!