የአኻያው ሰሃን

ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ ሰሃን ይዤ በገባሁ ቁጥር ባለቤቴ «ደግሞ ሌላ?» ትለኛለች። መልስ የለኝም። የለንደኑ ቤታችን ግድግዳ ሞልቷል። ከሁሉ አብልጬ የምሰበስበው እንግሊዞቹ «ዊሎው» የሚሉትን፣ በነጭ ላይ በሰማያዊ የታተመውን የአኻያ ዛፍ ሰሃን ነው፤ ዘንበል ያለ አኻያ፣ ጣራው የተቆለመመ ቤት፣ ድልድይ ላይ ሦስት ሰዎች፣ ከበላያቸው ሁለት ወፎች።

ልጄ ትንሽ ሳለች ከዚህ ሰሃን ፊት አስቀምጬ ተረቱን አወራላት ነበር። የአንድ ቻይናዊ ሹም ልጅ የአባቷን ጸሐፊ ወደደች። አባት ግን ለባለጸጋ መስፍን ሊድራት ቆረጠ። ፍቅረኞቹ በድልድዩ ሸሹ፤ አባት አለንጋ ይዞ ተከተላቸው። በመጨረሻ ሲሞቱ አማልክት አዝነው እርግቦች አደረጓቸው። «የጥንት ቻይናውያን ታሪክ ነው» ብዬ ነበር የምጨርሰው።

ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ ሰሃኑን ትክ ብላ አየችው። «አባዬ፣ ቻይናዊት ጓደኛዬ ይህን ተረት አታውቀውም። አያቷም ሰምተውት አያውቁም። ለምን ዋሸኸኝ?» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ሥዕሉን እ.ኤ.አ. በ1790 ገደማ ያወጡት እንግሊዞች ናቸው፤ ከቻይና በመርከብ ይመጣ የነበረውን ውድ ፖርሲሊን እያዩ። በመዳብ ላይ የተቀረጸው ሥዕል በስስ ወረቀት ይታተማል፤ ወረቀቱ ሰሃኑ ላይ ተለጥፎ ቀለሙን ይለቃል፤ ከዚያ ሰሃኑ የሚያብረቀርቀውን ቅብ ተቀብቶ እንደገና ይተኮሳል። አንድ ሥዕል በሺህ ሰሃን ላይ የሚባዛው በዚህ ብልሃት ነው። ተረቱስ? በአንድ የእንግሊዝ መጽሔት ታትሞ የወጣው በ1849 ነው። ሥዕሉ ተረቱን ወለደ እንጂ ተረቱ ሥዕሉን አልወለደም።

ታዲያ ሰሃኖቼን ላውርዳቸው? አይመስለኝም። ሳሙኤል ጆንሰን አገራችንን በዓይኑ ሳያይ በ1759 የአቢሲንያውን ልዑል «ራስላስ»ን ጽፏል። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውልን በፍቅር አንብበነዋል። ይሁን እንጂ «ይህ የኢትዮጵያ ታሪክ ነው» ብሎ ሊያስተምረን የሚነሣ ቢኖር እንቆጣለን። በራሴ ላይ ሲደረግ የማልወደውን በቻይናውያን ላይ ያደረግሁት እኔው ነኝ። ጥፋቱ የተረቱ አይደለም። ተረት እውነት እንዲሆን አይገደድም፤ ተራኪው ግን ባለቤቱን መለወጥ የለበትም።

አንባቢ ሆይ፣ የአኻያ ሰሃን ከእጅዎ ቢገባ ጠርዙን በጣትዎ ይከተሉት። ወረቀቱ የተጋጠመበት፣ ሐረጉ ከሐረጉ አልገናኝ ያለበት ስፍራ አይጠፋም። ወረቀቱን የሚቆርጡትና የሚለጥፉት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶችና ልጃገረዶች ነበሩ። ገዢ ያንን እንከን ይለው ይሆናል፤ እኔ ግን ከሰሃኑ ፊት ላይ ከዚያ የበለጠ እውነት አላገኘሁም። የአንዲት ስሟ ያልተጻፈ ሠራተኛ እጅ እዚያ አለ።

ከዚያም ሰሃኑን ይገልብጡት። ከ1891 ጀምሮ የአሜሪካ ሕግ ወደ አገሩ የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር ስም እንዲይዝ አስገድዷልና፣ ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ብዙዎቹ ጀርባቸው ላይ «ኢንግላንድ» የሚል ማኅተም አለባቸው። የእኛም ሰሃን አለበት። እውነቱ ከጀርባው ተጽፎ ሳለ፣ እኔ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ፊቱን ብቻ ሳሳይ ኖሬያለሁ።

ዛሬ ተረቱን ለታናሽ ወንድሟ የምታወራለት ልጄ ናት። አስቀድማ ሰሃኑን ታወርድና ትገለብጠዋለች። «ይህን እንግሊዞች የፈጠሩት ነው» ትለዋለች። ከዚያ መልሳ ታዞረውና «አንዲት ልጅ ነበረች…» ብላ ትጀምራለች። ትንሹም እርግቦቹ ጋ እስክትደርስ ትንፋሹን ይዞ ይሰማታል።