የቀበሌ ቤት ባለቤቱ ማነው?

«ያረጀና የተጎሳቆለ ሰፈር» የምትለዋን ቃል ስንቴ ሰማናት? በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ሲፈርሱ ሰማናት። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ካዛንችስ ሲነሳ ደገሟት። ሰፈሩን ያጎሳቆለው ነዋሪው ነው ብለን ልናምን ምንም አልቀረንም።

ለመሆኑ የቤቶቹ ባለቤት ማነው? ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራዩ ከ100 ብር በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች፣ ከዚያ በታች ያለው ለቀበሌ ተሰጠ። ጭቃ ቤቱ ለቀበሌ ደረሰው ማለት ነው። ደርግ ሄደ፣ ኢሕአዴግ መጥቶ ሄደ፤ አከራዩ ግን ያው ነው። (ዛሬ ስሙ ወረዳ ነው፤ ሰው ግን ቀበሌ ማለቱን አልተወም።) ኪራይ ሲሰበስብ ኖረ። ሚስማርና መዶሻ ይዞ ሲመጣ ግን ማን አየው?

አክስቴ የቀበሌ ቤቷ ጣራ ማፍሰስ ሲጀምር በራሷ ገንዘብ ቆርቆሮ ልትቀይር ፈቃድ ጠየቀች። «ቦታው ለልማት ይፈለጋል፣ እንዳትነኪው» ተባለች። ስምንት ክረምት አለፈ። ላስቲክ ዘረጋች፣ በላስቲኩ ላይ ድንጋይ ጫነች፣ ከሥር ሳፋና ባልዲ ደረደረች። በኋላ ኮሚቴ መጥቶ ቤቱን አየና ምን ቢል ጥሩ ነው? «ለኑሮ የማይመች!» ወይ ጉድ!

ሰፈር አይታደስ አላልንም። ሞልቶ የሚፈስ የጋራ ሽንት ቤት ያልተጠቀመ ሰው ነው «እንዳለ ይቀመጥ» የሚለው። ነገር ግን ባለሱቁን ግድግዳህን ቀባ፣ መብራት ስቀል ሲሉት ቀን ይቆርጡለታል። 50 ዓመት ቤቱን ላበሰበሰው አከራይስ ማን ቀን ቆረጠለት?

ሰው ተነስቶበት በቆርቆሮ የታጠረው ቦታም አለ። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ግንባታ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ገደብ እንዲኖረው ያዛል። እኛ ግን አጥሩ ራሱ ዝጎ ሲያረጅ አይተናል፤ ውስጡ ሣርና ቆሻሻ ነው። ይኼኛውን «የተጎሳቆለ» ያለው ባለሥልጣን ግን አልሰማንም።

እንግዲያው አስተዳደሩ በየወረዳው በር ላይ ዝርዝሩን ይለጥፍልን፤ የትኛው ቦታ መቼ ፈረሰ፣ ለማን ተሰጠ፣ ዛሬ ምን ቆሞበታል? አክስቴ ደግሞ ቤቷ እስኪፈርስ ድረስ ትኖርበታለችና ቆርቆሮዋን ትቀይርበት። ክረምቱ ሳይገባ ፈቃዱን ይስጧት።