ሳይወለዱ ስለ ተፈረደባቸው ልጆች

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ቍጥር ብርቱ ምስክር ነው፤ ነገር ግን ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። ምስክሩን በዳኛው ወንበር ላይ ያስቀመጠ ሰው ፍርዱ ይጣመምበታል። ይህንንም ለማስረዳት በአሜሪካ አገር ከሃያ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረውን አንድ ነገር አነሣለሁ፤ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በ1973 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውርጃ በመላው አገሪቱ በሕግ የተፈቀደ እንዲሆን ፈረደ። ከ1991 በኋላ ደግሞ በዚያ አገር በዝቶ የነበረው ግድያና ዝርፊያ እየቀነሰ ሄደ። በ2001 ጆን ዶናሁና ስቲቨን ሌቪት የተባሉ ሁለት ምሁራን፣ ከቀነሰው ወንጀል እስከ ግማሽ የሚደርሰው የቀነሰው በውርጃ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ጻፉ። ነገራቸው ባጭሩ ይህ ነው፤ እናቱ ሳትፈልገው የተወለደ ልጅ እንክብካቤ ያጣል፤ እንክብካቤ ያጣ ልጅ ወደ ወንጀል ያዘነብላል፤ እንዲህ ያለው ልጅ ካልተወለደ ግን፣ ለወንጀል በሚደርስበት ዕድሜ ወንጀሉ ይጐድላል።

ከሁሉ አስቀድሞ ነገሩ በጥናትነቱ ይመዘን። አውራ ዶሮ ሲጮኽ ይነጋል፤ ነገር ግን ዶሮውን ያረደ ሰው ንጋትን አላስቀረም። ሁለት ነገሮች ተከታትለው ስለ መጡ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። በ2005 በቦስተን ከተማ ማዕከላዊ ባንክ የሚሠሩ ሁለት የምጣኔ ሀብት ዐዋቂዎች በስሌቱ ውስጥ ስሕተት አገኙ፤ ሲታረምም ውጤቱ እጅግ አነሰ። ጸሐፊዎቹ ስሕተቱን አምነው፣ በተሻለ ማስረጃ ሲሰላ ግን ሐሳባቸው እንደማይፈርስ መለሱ፤ በ2019ም ይህንኑ የሚያጸና ሌላ ጥናት አወጡ። ተቃዋሚዎቻቸው ደግሞ ከፍርዱ በኋላ የተወለዱት ልጆች ዐሥራ ስድስትና ዐሥራ ሰባት ዓመት በሞላቸው ጊዜ፣ ማለት በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ወጣቶች የሚፈጽሙት ግድያ እጅግ በርትቶ እንደ ነበር ያስታውሳሉ። የእስር ቤቱ መስፋፋት፣ የፖሊሱ መብዛት፣ የኮኬይን ንግድ መቀዝቀዝ፣ ከቤንዚን ውስጥ የእርሳስ መርዝ መውጣቱ፣ እነዚህም ሁሉ እንደ ምክንያት ይቈጠራሉ።

ነገር ግን የኔ ጠብ ከሊቃውንቱ ጋር አይደለም፤ እነርሱ ራሳቸው ጥናታቸው ውርጃን ለመደገፍ እንዳልሆነ ጽፈዋል። ጠቤ ጥናቱን ነጥቀው እንደ ዱላ ከሚይዙት ጋር ነው። አንዱ ወንጀል ከቀነሰ ሕጉ መልካም ነው ይላል፤ ሌላው ውርጃን ስለሚጠላ ብቻ ስሌቱን ሳያነብ ሐሰት ነው ይላል። ለሁለቱም አንድ ጥያቄ አለኝ። ነገ ሌላ ሊቅ ተነሥቶ ቍጥሩን ቢገለብጠው ሐሳባችሁን ትለውጣላችሁን? የማትለውጡ ከሆነ እምነታችሁ የቆመው በሌላ መሠረት ላይ ነው፤ እንግዲያስ ያንን መሠረት በግልጥ አውጥታችሁ ተከራከሩበት። ስለ እናቲቱ ሕይወትና ነፃነት፣ ስለ ፅንሱም ክብር የሚነሣው ጥያቄ ከባድ ነው፤ የፖሊስ መዝገብ ግን አይመልሰውም።

ከዚህም የሚከፋ አለ። ከድኻ ወይም ባል ከሌላት እናት የተወለደ ወጣት ይህን ክርክር ሲሰማ፣ «እኔ ከማሕፀን ጀምሮ ሌባ ተብዬ የተቈጠርሁ ነኝን?» ብሎ ቢጠይቅ ምን እንመልስለታለን? አማካይ ቍጥር ስለ ብዙ ሰዎች ይናገራል እንጂ ስለ አንድ ልጅ አይናገርም። በመምህርነቴ ዘመን እንዳየሁት፣ ከተራበ ቤት የመጣው ልጅ ትምህርቱን ሲያጠና፣ ከጠገበ ቤት የመጣው እጁን ወደ ሰው ኪስ የሚሰድበት ጊዜ አለ። ልጁን የጣለውን አባት፣ ያላስተማረውንም አገር መውቀስ ሲገባ ሕፃኑን መክሰስ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነው።

ሕግ ብቻውን ልጅ እንደማያሳድግ ደግሞ ሩማኒያን ተመልከት። በ1966 የቻውሼስኩ መንግሥት ውርጃን በአዋጅ ከለከለ፤ በሚቀጥለው ዓመት የተወለዱት ሕፃናት ቍጥር ወደ እጥፍ ተጠጋ። መንግሥቱ መውለድን አዘዘ እንጂ ማሳደግን አላሰበበትም። ብዙ ሴቶች በስውር በተደረገ ውርጃ ሞቱ፤ በ1989 መንግሥቱ ሲወድቅም ብዙ ሺህ ልጆች በማሳደጊያ ቤቶች ውስጥ ያለ በቂ ምግብና ያለ ፍቅር ተጥለው ተገኙ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ክርክር የምንወስደው ፍሬ አንድ ነው፤ የተጣለ ልጅ ይጐዳል፤ የጣለውም አገር አብሮት ይጐዳል። ለዚህ ጥናት አያስፈልግም፤ ጎረቤትን ማየት ይበቃል። በ2022 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቀድሞውን ፍርድ ሽሮ ነገሩን ለየክፍላተ አገሩ ተወው። አሁን ሁለቱም ወገን ከዐሥራ ስምንት ዓመት በኋላ የሚመጣውን የወንጀል ቍጥር ይጠባበቅ ይሆናል። ልጆቹ ግን እስከዚያ አይጠብቁም፤ ወተቱንም፣ ፊደሉንም፣ የሚያቅፋቸውንም ክንድ የሚፈልጉት ዛሬ ነው።