ሶዶ ላይ ቁርስ በልቶ የሚያልፈው መንገደኛ

ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ በመኪና የሚወርድ ሰው ወላይታ ሶዶን ምን ያህል እንደሚያውቃት ከራሴ አውቃለሁ። በሆሳዕናም ይምጣ በሻሸመኔ፣ ሶዶ ላይ ይቆማል። ሥጋውን በዳጣ ይበላል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ ቢበዛ አንድ ሌሊት ያድርና ሐይቆቹን ለማየት ቁልቁል ይነዳል። እኔም ለችሎት ቀጠሮና ለሥልጠና በተመላለስኩባቸው ዓመታት ዳሞታ ተራራ ሥር ስንት ጊዜ እንዳደርኩ ቁጥሩን አላስታውሰውም። ተራራውን ግን ያየሁት ከሆቴል መስኮት ብቻ ነበር።

በመጨረሻ ወደ ተራራው የሄድኩት የተጠራሁበት ስብሰባ ድንገት ስለተሰረዘ ነው። (አበሉ ግን አልተሰረዘም።) የሆቴሉን እንግዳ ተቀባይ «እዚህ አካባቢ ምን የሚታይ ነገር አለ?» ብላት፣ በቅንነት «አርባ ምንጭ አለሎት» አለችኝ። ደግነቱ ጫማ ሲያስጠርግ የነበረ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሰምቶን ኖሮ «ጋሼ፣ ዋሻውን ላሳይዎት?» አለ።

ዋሻ ያለው ሞቼና ቦራጎን ነው። በዳሞታ ደቡብ ምዕራባዊ ጎን፣ በሰው እንሰት ጓሮ አልፈው የሚደርሱበት ሰፊ የአለት መጠለያ ነው። ከተማውን ከለቀቅን በኋላ ባጃጁም ጡሩንባውም ተረሳ። እንሰቱ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ መንገዱን ያጨልመዋል። ድንገት ቅጠሉ ሲገለጥ አለቱ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። በሥራዬ ምክንያት ብዙ የአገሪቱን ክፍል አይቻለሁ፤ ከአስፋልት በዚህ አጭር ርቀት ሌላ ዓለም ውስጥ የገባሁ የመሰለኝ ግን እዚያ ነው።

እንዲያው መስሎኝም አይደለም። መጀመሪያ የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች፣ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ብራንት የሚመራ ቡድን ይህንን ወለል ቆፍረዋል። ከታችኞቹ ንብርብሮች ከባልጩት የተሠሩ መሣሪያዎች ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸውም ወደ 50 ሺህ ዓመት ገደማ ይደርሳል። የተመራማሪዎቹ መላምት ደስ ይላል። ዓለም ቀዝቅዛና ደርቃ በነበረችባቸው ዘመናት ዝናብ ያልከዳው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ የሰው ልጅ መሸሸጊያ ሆኖ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ዛሬ እኛ ከከተማ ግርግር ሸሽተን ተራራ እንወጣለን፤ እነዚያ ምናልባት ከድርቅ ሸሽተው ነው የወጡት።

በዞኑ ያለው ይህ ብቻ አይደለም። በአረካ በኩል አጃንቾና ሶኬ የተባሉት ወንዞች ጎን ለጎን ወደ አንድ ገደል የሚወረወሩበት የአጆራ ፏፏቴ አለ። ከካዎ ጦና ዘመን፣ ማለትም ከ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ዘመቻ በፊት የነበረው የወላይታ መንግሥት ታሪክም አለ፤ እሱ ግን ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ወደ ዋሻው ልመለስ። ጓሮውን ያቋረጥንባቸው አዛውንት ቆመው ያዩን ነበር። ተማሪው በወላይትኛ ሰላምታ ሰጥቶ ሲያነጋግራቸው አንድ ጥያቄ ጠየቁት፤ ተረጎመልኝ። «ሊያጥሩት ነው እንዴ የመጡት?»

ወላይታ በአገራችን ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። የአንድ ቤተሰብ መሬት ብዙ ጊዜ ከጓሮ አያልፍም። «ቱሪዝም ይስፋፋ» የሚለውን መፈክር እኛ በቀላሉ እንናገረዋለን፤ እንሰቱ የሚተዳደርበት ሰው ግን የሚሰማው የካስማ ድምፅ ነው። ሥጋቱም መሠረተ ቢስ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም መሬት በካሣ እንዲያስለቅቅ ይፈቅዳል። ለቅርስ የሚከለል ቦታ ደግሞ ከሕዝብ ጥቅም ውጭ ነው ብሎ መከራከር ለማንኛውም ጠበቃ ከባድ ነው።

በሌላ በኩል ዝም ብሎ መተውም ሕጋዊ አማራጭ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 ታሪካዊና ባህላዊ ቅርሶችን የመንከባከብ ኃላፊነት በመንግሥት ላይ ይጥላል። አዋጅ ቁጥር 209/1992ም የወጣው ለዚሁ ነው። ነገር ግን ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ላይ ማኅበረሰቡን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ነዋሪው ሐሳቡን እንዲሰጥ የመጠየቅ መብት አለው ይላል። የመጀመሪያውን የሚጠቅስ ባለሥልጣን ብዙ አጋጥሞኛል፤ ሁለተኛውን የሚጠቅሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሳሽ ነው።

ለመሆኑ ምን ዓይነት መንገድ ይሻላል? ሁለት ምሳሌዎች ቅርብ ናቸው። አንደኛው ኦሞን ተሻግሮ በዳውሮ የሚገኘው ሃላላ ኬላ ነው። በንጉሥ ሃላላ ስም የሚታወቀው ያለ ጭቃ የተካበ የድንጋይ ግንብ አገር የሚያኮራ ነው። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የተሠራው ሪዞርትም ውበቱ አይካድም። ግን በአስተማሪ ደመወዝ የሚታደርበት አይደለም፤ በሶዶ በኩል የሚሄደው እንግዳም ሶዶ ላይ የሚተወው ያንኑ የቁርስ ሒሳብ ነው።

ሁለተኛው እዚያው ወላይታ ውስጥ፣ ወደ አርባ ምንጭ ሲወረድ ያለው የሁምቦ ተራራ ነው። ተመንጥሮ ራቁቱን ቀርቶ ነበር። በወርልድ ቪዥን ድጋፍ ገበሬው የቀሩትን ጉቶዎች እየጠበቀና እየገረዘ ከ2,700 ሄክታር በላይ ደን መለሰ። ፕሮጀክቱ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዘገበ፣ የካርቦን ሽያጭ ገቢም አገኘ። እኔን የሚማርከኝ ዛፉ ሳይሆን ወረቀቱ ነው። ነዋሪዎቹ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው የደኑን የመጠቀም መብት በስማቸው በሰነድ ያዙ፤ ከካርቦኑ የተገኘው ገንዘብም የገባው ወደ እነሱ ማኅበራት ነው። ተራራው ተከለለ፣ ከላዩ ላይ የጠፋ ባለመብት ግን የለም።

ለሞቼና ቦራጎና ለአጆራ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለው ወረቀት ነው፤ እሱም ከአጥሩ በፊት መምጣት አለበት። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከሉ ሆናለች። ይህ ማለት ውሳኔው ያለው ዋሻው ሥር ባሉ ቢሮዎች ነው ማለት ነው። ጎብኚም ከፈረንጅ አገር መጠበቅ አያስፈልግም፤ ለወርክሾፕ የምንመላለሰው እኛው አለን። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ብቻ ብንሰጥ ለአስጎብኚ ወጣቶች ማኅበር መነሻ የሚሆን ገቢ ይገኛል።

ስንመለስ «ስንት ልክፈል?» ብዬ ተማሪውን ጠየቅሁት። አፈረ። ታሪፍ የለ፣ ደረሰኝ የለ። የመሰለኝን ሰጠሁትና ለአዛውንቱስ አልኩት። «እሳቸው አይቀበሉም፣ እንግዳ ነዎት» አለኝ። ጓሮአቸውን ሁለት ጊዜ ረግጬ በሁለተኛው ላይ የተቀቀለ ቦሎቄና ቡና ቀርቦልኝ ወጣሁ።