«ራጁ ንፁህ ነው» ካሏችሁ በኋላ

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ የተሳፈረበት ባጃጅ ተገለበጠ። ድንገተኛ ክፍል ወሰድነው፣ በጀርባው እንደተኛ የደረት ራጅ ተነሳ፣ «ንፁህ ነው» ተባልን። ማስታገሻ ይዘን ወደ ቤት። እኔም ፊልሙን መስኮት ላይ ደግፌ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ለቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላክሁት። የ«እግዚአብሔር ይመስገን» ስቲከር ዘነበ።

በማግስቱ ልጁ ደረጃ መውጣት አቃተው። ሌላ ቦታ ወስደነው ቆሞ ሲነሳ፣ በቀኝ ሳንባውና በደረቱ ግድግዳ መካከል አየር ገብቷል። ቱቦ ገባለት፣ ተረፈ።

መጀመሪያ ያየውን ሐኪም ልወቅስ ቸኩዬ ነበር። ነገሩ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም። ሳንባ ሲቀደድ የሚወጣው አየር ወደ ላይ ይሄዳል። ሰው ሲቆም «ላይ» ማለት ትከሻው አካባቢ ነው፤ እዚያ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ትታያለች። ሲተኛ ግን «ላይ» የደረቱ ፊት ይሆናል፣ አየሩ እዚያ ይነጠፋል፣ መስመሯም ብዙ ጊዜ አትታይም። ደምም ከኋላ ይተኛና ቀለል ያለ ጭጋግ ብቻ ይመስላል። የተቀጠቀጠ ሳንባ ደግሞ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊወጣ ይችላል። የጎድን አጥንት ስብራትማ ራጅ ደጋግሞ ይስተዋል። (ያቺን ቀጭን መስመር በስልክ ፎቶ ላይ መፈለግ ምን ያህል ቀልድ እንደሆነ አስቡት።)

ታዲያ ሁሉም ሰው ሲቲ ስካን ይነሳ? እኔ አልልም። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ መጀመሪያ የሚታየኝ ዋጋው ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ለተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና ያስቀመጠው ጣሪያ 2,000 ብር ነበር። እንዲህ ባለ ገንዘብ ምርመራ መምረጥ ግድ ነው። ደረት ላይ የሚደረግ አልትራሳውንድ አልጋው ድረስ ይመጣል፤ በሠለጠነ እጅ ደግሞ የተኛ ሰው ራጅ የሚስተውን አየር ያገኛል። አከርካሪው ደህና ከሆነ፣ ከሰዓታት በኋላ ቆሞ የሚነሳ ሁለተኛ ራጅም ብዙ አያስወጣም።

ከሆስፒታሎቻችን የምጠይቀው ከዚህም ይረክሳል፦ ውጤቱ ላይ «ተኝቶ የተነሳ፣ በዚህ ሰዓት፤ ትንፋሽ ካጠረህ ወዲያው ተመለስ» ብሎ መጻፍ። እናንተም ወረቀቱን ተቀብላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት «ተኝቶ ነው ቆሞ? መቼ ይደገም?» በሉ።

የአክስቴ ልጅ የመጀመሪያ ወረቀት አሁንም እኔ ጋ አለ። «ኖርማል» ይላል፣ ሌላ ቃል የለውም።